መንግሥት ሲለወጥ መዝገቡን የያዘው ሰው

የመንግሥት ለውጥ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከላይ ነው፤ ማን ሸሸ፣ ማን ገባ፣ ታንኩ ቤተ መንግሥቱን በየት በኩል ከበበው ተብሎ። ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። በማግስቱ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ማን ከፈተ? አምና ግብር የገበረ ገበሬ ደረሰኙን ለማን ያሳያል? በፈረሰው መንግሥት ስም የተፈረደ ፍርድ ይጸናል ወይስ አብሮ ይፈርሳል? ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሰጠው በወር ደመወዝ የሚኖር፣ ስሙ በዜና የማይጠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምንከተለው እሱን ነው።

ዕድሜውን ብናሰላ ማንነቱ ይገለጥልናል። በ1936 ዓ.ም. ፋርጣ ውስጥ ተወለደ እንበል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ በ1956 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ደብረ ታቦር በአውራጃው ግምጃ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ 30 ዓመት አልፎታል፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። ደርግ ሲወድቅ 47 ሞልቶታል። በዘመኑ ሕግ የጡረታ ዕድሜ 55 ስለነበር በ1991 ዓ.ም. ይሰናበታል። ስም አልሰጠሁትም፤ እንዲህ ያለ የሥራ ታሪክ ያለው ሰው በየወረዳው ነበርና። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በ35 ዓመት ውስጥ ሦስት ሥርዓት አገልግሏል፤ ያም ሆኖ ከተማውን ለቆ አልሄደም።

ደብረ ታቦር ደግሞ መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ ያየች ከተማ ናት። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ በስተምዕራብ ተቀምጣ የየጁው ራስ ጉግሣ መናገሻ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስም መቀመጫቸው አድርገዋታል፤ መድፋቸው ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። ወታደሩ ገበሬው ቤት እየተመራ ከሚበላ ደመወዝ ይቁረጥለት የሚለውን ሐሳብ በሥራ ለመተርጎም የሞከሩት ቴዎድሮስ ናቸው። ሙከራው ሳይሰምር ቀረ፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ከተማዋን አቃጥለዋት ሄዱ። ቀጥለው አፄ ዮሐንስ ተቀመጡባት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣሊያን ጦር ሰፈር ሆነች፤ ያ ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ክረምት ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ሹም ሲሻር ጸሐፊውም፣ ግምጃ ቤቱም፣ ጋሻ ጃግሬውም አብሮት ይነሣ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የተወለደው ሹመት ሲያልፍ ምንም በማይቀርበት በዚያ ዓለም ነው።

ይህን የለወጠው የ1934ቱ የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ነው። ድንጋጌው አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፍሎ ገዥው ከሕዝብ በሚሰበስበው ሳይሆን ከመንግሥት ግምጃ ቤት በሚከፈለው ደመወዝ እንዲኖር አዘዘ። በ1950ዎቹ ደግሞ የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤትና የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ተቋቋሙ። ያን ጊዜ ከሠራተኛው ደመወዝ 4 በመቶ ይቆረጥ፣ መንግሥት 6 በመቶ ይጨምርለት፣ ሲያረጅም ይጦርበት ነበር። ተራ የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ከሰው ወደ መሥሪያ ቤት የተሸጋገረው በዚህች ተቆራጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በኋላ ሠራተኛው ተስፋውን የጣለው ነገ ሊሻር በሚችለው ሹም ላይ ሳይሆን በግል ማኅደሩ ውስጥ በተጻፈው የአገልግሎት ዘመኑ ላይ ነው። ሹሙ ሲሻር እሱ ወንበሩ ላይ የሚቆይበት ምክንያት አገኘ።

በጃንሆይ ጊዜ የሠራተኛው ሥራ ምን ነበር? ደብረ ታቦር ባለችበት በበጌምድር ከሁሉ የሚቀድመው የርስት ጉዳይ ነው። መሬቱ በአባት በእናት የሚወረስ ርስት ስለሆነ ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ ከአጥቢያ ዳኛ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ በይግባኝ ይወጣል። መሬቱ በቀላድ አልተለካም፤ ግብሩ በጥንት ግምት በየአቅኚ አባቱ ተደልድሎ በጭቃ ሹሙ እጅ ይሰበሰባል። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. ገደማ አዲሱን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲያመጣ ጎጃም ጦር መዝዞ የተነሣው መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊነጠቅ ነው በሚል ስጋት ነው። በዓባይ በዚህ ማዶ ያለው ባለርስትም ያንኑ ስጋት ይጋራ ነበር። እንግዲህ ጸሐፊው በመንግሥትና በባለርስቱ መካከል ተቀምጧል። ማዕከሉ ስለ ገጠሩ የሚያውቀው እሱ በጻፈው ልክ ነው፤ ገበሬውም መንግሥትን የሚያውቀው በእሱ ፊት በኩል ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁ በደቡብ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ ታላቅ ነገር ነበር፤ ርስተኛው ገበሬ በበዛበት በበጌምድር ግን የገበሬው ጥያቄ «የማን መሬት ለማን ይሰጣል?» ሆነ። የመሬት ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ጠቅላይ ግዛቱ ጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። ጭቃ ሹሙ ቀረ፤ በምትኩ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር መጣ። ሠራተኛችን ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። «ክቡር» ብሎ ይጀምር የነበረውን ደብዳቤ «ጓድ» ብሎ ይጀምራል፤ መጨረሻው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ይፈርማል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘግባል። እነዚህ ሞዴሎች ከማኅተሙ አርማ ይልቅ ዕድሜ አላቸው፤ ደርግ ሲሄድም አልሄዱም።

ከመዝገብ ውጭ ያለው ኑሮ ግን ከባድ ነበር። የውይይት ክበብ፣ ሂስና ግለ ሂስ፣ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ቀይ ሽብር ጎንደርን በመላኩ ተፈራ አስተዳደር ክፉኛ መታት። ዝም ማለትም መናገርም በሚያስጠረጥርበት በዚያ ወቅት ሠራተኛው ራሱን ለማዳን ወደ ወረቀቱ ይበልጥ ተጠጋ፤ የታዘዘውን ሁሉ በደብዳቤ ቁጥርና በቀን መያዝ ዋስትናው ሆነ። ይህ ልማድ ኋላ ያመጣውን ነገር ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ከደብረ ታቦር ወደ ሰሜን፣ ወደ እብናት እንሂድ። የ1977ቱ ድርቅ ከዋግ፣ ከላስታና ከበለሳ ያፈናቀለው ሕዝብ እብናት ከተቋቋመው የእርዳታ ጣቢያ ተከማችቶ ነበር። በሚያዝያ ወር 1977 ዓ.ም. ወታደሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተረጂዎችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጣቢያው አስወጡ፤ የሣር ጎጆዎቻቸው ተቃጠሉ። የቀረበው ምክንያት ክረምቱ ስለደረሰ ገበሬው ወደ እርሻው ይመለስ የሚል ነው። ነገር ግን ከተባረሩት መካከል በእግራቸው መቆም የማይችሉ፣ ሕፃናት የታቀፉ፣ በሽታ የጣላቸው ነበሩ። አዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ አስተባባሪ የነበሩት ፊንላንዳዊው ኩርት ያንሰን ተቃውሟቸውን ለመንግሥት አቀረቡ። መንግሥት መጀመሪያ አስተባበለ። ዓለም ሲጮኽበት ስህተት መፈጸሙን አምኖ ጥፋቱን በአካባቢው ሹሞች ላይ ጣለ።

እብናት ላይ ቆም ማለት የፈለግሁት የመንግሥት ሠራተኛ ኃላፊነት የሚፈተነው እንደዚያ ባለ ቀን ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከላይ ተነሥቶ ታች የሚደርሰው ብዙ እጅ አቋርጦ ነው። ደብዳቤውን የሚመራ አለ፤ ስም ዝርዝሩን በየወረዳው የሚለይ አለ፤ የመንገድ ስንቁን የሚሰፍር አለ፤ ጎጆው ላይ እሳት የሚለኩስ አለ። አራቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይመስለኝም። ስንቅ ሰፋሪው በዚያች ቀን ሥራ ቢተው ተባራሪው ባዶ እጁን ይሄድ ነበር። ስም ዝርዝር የጻፈው ደግሞ ወረቀቱ ለምን እንደሚውል ያውቅ ይሆናል፣ ላያውቅም ይችላል። ያዘዘውና ያቃጠለው ግን ያውቃሉ። በቀጣዩ ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽኑ ኃላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር እንደወጡ ቀሩ፤ በኋላም የሥርዓቱን ሥራ ዘርዝረው በመጽሐፍ አወጡ። እሳቸው ኒው ዮርክ መድረስ የሚችሉ ኮሚሽነር ነበሩ። የእብናት ንብረት ያዥ መሄጃ አልነበረውም።

በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ሸንጎው አገሪቱን በ24 አስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ከፈላት። ጎንደር ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ጎንደር የሚባል አስተዳደር አካባቢ ተወለደ፤ ደብረ ታቦርም ዋና ከተማው ሆነች። ዛሬ «የደቡብ ጎንደር ዞን» ስንል ያንን ክፍፍል መሠረት አድርገን ነው። ለአውራጃው ሠራተኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ አዲስ መምሪያ፣ አዲስ የሥራ መደብ፣ ከጎንደር የሚመጣ ፋይል። ግን አዲሱ አስተዳደር አካባቢ ሁለት ዓመት ሳይደላደል ጦርነቱ ደረሰ። ሕወሓትና ኢሕዴን ኢሕአዴግን መሥርተው ወደ ደቡብ ሲገፉ የጉና ዙሪያ የጦር ግንባር ሆነ፤ ደብረ ታቦርም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች።

የዚህ አካባቢ ልዩ ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ መንግሥት የተለወጠው በአንድ ቀን፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ያህል በሁለት መንግሥት መካከል ኖሯል። ከተማው ውስጥ የደርግ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ገጠሩ ውስጥ ታጋዮች ሕዝብ ሰብስበው ኮሚቴ ያስመርጣሉ። ገበሬው ለማን ይገብር? ሠራተኛው ወርሃዊ ደመወዙ የሚመጣው ከመሃል አገር ነው፤ ከተማው ሲያዝ ገንዘቡም ይቋረጣል። ካድሬውና የደርጉ ፓርቲ የኢሠፓ ሹም ከጦሩ ጋር አፈግፍገው ባሕር ዳር ሊደርሱ ይችላሉ። ባለ ስምንት ልጁ ጸሐፊ ግን ቤቱ፣ ከብቱ፣ ማሳው፣ እድሩ እዚያው ነው። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ጨምሮ አካባቢውን በሙሉ ሲቆጣጠር መሃል ማለት ራሱ ተለወጠ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲሄዱ በደብረ ታቦር አዲሱ አስተዳደር ሥራውን ከጀመረ ሰንብቷል።

ያው ጊዜ በዓለምም የመፍረስ ዘመን ነበር። የሶቪየት ኅብረት ባንዲራ ከክሬምሊን የወረደው ታኅሣሥ 15 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ አምስት ሪፐብሊኮች አሥራ አምስት አገር ሆኑ። እዚያ የሆነውን ከእኛ ጋር ማስተያየት ብዙ ያስተምራል። በካዛኪስታን የኮሚኒስት ፓርቲው አንደኛ ጸሐፊ የነበሩት ኑርሱልጣን ናዛርባዬቭ የነፃይቱ አገር ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2011 ዓ.ም. ቆዩ። በኡዝቤኪስታንም ኢስላም ካሪሞቭ እንደዚሁ። ቢሮው፣ ሠራተኛው፣ መዝገቡ፣ ሹሙም ሳይነካ የአገሩ ስም ብቻ ተለወጠ ማለት ይቻላል። ኤስቶኒያ ሌላ መንገድ ያዘች፤ ከፍተኛ ሥልጣን የሚይዝ ሰው ለቀድሞው የስለላ ድርጅት አልሠራሁም ብሎ በጽሑፍ እንዲምል አደረገች። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ይሻራል። ጥያቄው ለቀድሞው መንግሥት ሠራህ ወይ የሚል ሳይሆን ምን ሠራህ የሚል ነበር።

የእኛ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። አሸናፊው ከበረሃ የመጣ፣ የራሱ ካድሬ ያለው ድርጅት ነው። ሠራዊቱን በተነ፣ ኢሠፓን አፈረሰ፣ የፓርቲውን ሹሞች አሠረ። ሲቪል መሥሪያ ቤቱን ግን ከነሠራተኛው ተረከበ፤ ያለዚያ ግብር የሚሰበስብም፣ መምህር የሚቀጥርም፣ ደመወዝ የሚያዘጋጅም አልነበረውምና። በየቦታው የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ ተቋቋመ። ወንበሩ ላይ የቆየው ሠራተኛ ከላዩ ታጋይ አለቃ ተሾመለት። እሱ የፋይሉን መንገድ ያውቃል፣ ታጋዩ ማዘዝ ያውቃል። ብዙ ወረዳዎች የቆሙት በእነዚህ ሁለት ሰዎች መግባባት ነው፤ ባልተግባቡበትም ወረዳ ሥራው ቆሟል።

በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲቋቋሙ ሥልጣንና በጀት ወደ ባሕር ዳር መጣ። አስተዳደር አካባቢው ዞን ሆነ። ከዚያ ግምገማ መጣ። ሠራተኛው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ በባልደረቦቹ ፊት ይገመገማል፤ ጉቦ በልተሃል፣ ለደርግ አጎብድደሃል፣ ሕዝብ ታመናጭቃለህ ይባላል። ግለ ሂስን ለሚያውቅ የደርግ ዘመን ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አልነበረም። ከግምገማ ጠቃሚ ነገር አልወጣም አልልም፤ ጉቦኛን ተገልጋዩ ሕዝብ ፊት ለፊት የጠየቀበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በምስክርና በሰነድ ያልተደገፈ ክስ ሰውን ከሥራ የሚያስወጣ ከሆነ ቂም የያዘ ሁሉ ዳኛ ይሆናል። በ1985 መስከረም ደግሞ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ አለ። ከገበያ ለሚሸምት የደመወዝ ሰው የዚያ ዓመት ዋና ለውጥ ይኸኛው ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስስ ከምስክሮች በላይ የታመነው በሰነድ ነበር። ደርግ የገደለውን በፊርማና በማኅተም ይመዘግብ ስለነበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ተሰበሰቡ። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደፈረመ፣ በምን ቀን እንደሆነ ከነቁጥሩ ተገኘ። ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መሰማት ሲጀምር በባለሥልጣናቱ ላይ የመሰከሩባቸው የራሳቸው መዝገብ ቤቶች ናቸው። መላኩ ተፈራም በኋላ ጥፋተኛ ተብለዋል። በፍርሃት ዘመን ራሱን ለመጠበቅ ሲል ሁሉን በቀንና በቁጥር ያስቀመጠው ጸሐፊ ሳያስበው ለፍትሕ ማስረጃ አቆይቷል። ቀድሞ ነገር ወረቀቱን አቃጥሎ ቢሸሽ ኖሮ ብዙ ወላጅ የልጁን መጨረሻ አያውቅም ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ግን በዚሁ ክልል በተቃራኒው መንገድ ተሄደ። በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲካሄድ፣ በተለይ በጎጃም፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበረ ገበሬ «ቢሮክራት»፣ በጃንሆይ ጊዜ ሹመት የነበረው «ፊውዳል» ተብሎ ተለየ። ሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድለት የእነሱ ይዞታ በ1 ሄክታር፣ በአገሬው ልኬት በአራት ጥማድ ተወሰነ። ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። ሊቀ መንበር ሆኖ የጎረቤቱን ልጅ ለአፈሳ አሳልፎ የሰጠ አለ፤ ሊቀ መንበር ሆኖ ከአፈሳ የደበቀም አለ። ድልድሉ ሁለቱን አልለየም። ማን ምን ፈረመ ብሎ መዝገብ አላገላበጠም፤ ወንበሩን ቆጥሮ ቅጣቱን በእርሻው ላይ አሳረፈ፤ የማሳው መጥበብ ደግሞ ለልጅም ይተርፋል። በልዩ ዐቃቤ ሕጉ ችሎት እጅግ የሰፋ ወንጀል የሠሩ ሰዎች ጠበቃ ቆሞላቸው ሰነድ በሰነድ ሲከራከሩ፣ ለአራት ጥማዱ ገበሬ ግን የተሰጠው የኮሚቴ ውሳኔ ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የክልሉ ሹማምንት ያኔ በእጃቸው የነበረውን የተሻለ ምሳሌ አልተጠቀሙበትም።

ከ1995 ዓ.ም. በኋላ ክልሉ የመሬት ይዞታ መመዝገብ ጀምሮ አረንጓዴውን ደብተር ሲያድል ከሥራው ግማሹ የድሮ ጥያቄ ነበር። ይህ ማሳ በ1967 በማን እጅ ነበር? በ1983ስ? በ1989 ድልድል ለማን ወጣ? መልሱ አንዳንዱ በሽማግሌ ምስክርነት፣ አንዳንዱም በግብር ደረሰኝና በቀበሌ መዝገብ ተገኘ። ሦስት መንግሥት ያለፈበት ገበሬ ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጣት ደረሰኝ ዋጋዋ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ሠራተኛችን ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። ማኅደሩ ውስጥ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማኅተም የተጻፈ የቅጥር ደብዳቤ፣ በጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት የተሰጠ የደረጃ ዕድገት፣ በሽግግር መንግሥቱ ጊዜ የተጻፈ የምደባ ደብዳቤ አለ። ሲቀጠር የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጡረታ ሕግ በየጊዜው እየተሻሻለ ደርግንም አልፎ እስከ 1995 ዓ.ም. በሥራ ላይ ቆይቷል። ሦስቱ መንግሥታት እርስ በርስ ተካሰዋል፣ ተገዳድለዋል። የጡረታ ሕጉ ግን አገልግሎቱን የቆጠረው ለአንድ አሠሪ እንደተሰጠ አድርጎ ነው፤ ከ1956 እስከ 1991፣ 35 ዓመት።